አሥራ አራት ፊርማ

አንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ሞጣ ላይ ማዕከል ሲከፍት አስተባባሪ ሆኖ የተቀጠረው አብሮኝ የተማረ ሰው ነበር። እኔ ያኔ ቢቸና ውስጥ ማዋለጃ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ቀን ደወለና፣ ኮሌጁ በየገጠሩ ጤና ኬላ የሚሠሩ ሴቶችን ከሥራቸው ሳይነቀሉ አዋላጅነት ሊያስተምር መሆኑን ነገረኝ።

«በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጫለሽ። ሞጁሉን ታብራሪላቸዋለሽ፣ አሳይመንት ታርሚያለሽ። ከባድ ነገር የለውም» አለኝ።

እሺ ለማለት አልዘገየሁም። ለዓመታት ያየሁት ሴቶች በቃሬዛ ተጭነው፣ ተሸካሚዎቹ ላብ በላብ ሆነው፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሲደርሱ ነው። እዚያው ሰፈሯ ነገሩን የምታውቅ አንዲት ሴት ብትኖር ኖሮ ይህች እናት በሕይወት እዚህ ለመድረስ ትበቃ ነበር እያልኩ ስንቴ ተቆጭቻለሁ። ሥራው ለእኔ የተቀመጠ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም አባቴን አስታወስኩ። በልጅነቱ እዚያ ቅኔ ተምሯል። «መምህርህ ፊት ቆመህ ያልተናገርከውን አውቃለሁ ማለት የለም» ይል ነበር። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ይመጣል፣ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ ካልሰመረለት ተመልሶ ይሄዳል። ዓመት ይፍጅ ሁለት ዓመት የሚቸኩል የለም። እኔም እንደዚያ አስተምራለሁ እያልኩ ሞጣ ደረስኩ።

ማዕከሉ ቅዳሜና እሑድ የሚከራይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ለሕፃናት በተሠሩ ዴስኮች ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ገሚሶቹ ልጅ አዝለዋል። ገሚሶቹ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ሞጁሉን ገልጬ ማስተማር ጀመርኩ። ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ስደርስ ቀጣዩ ገጽ አምሳ አንድ ሆነ። የእኔ ብቻ መስሎኝ የአንዷን ተቀብዬ አየሁ። የሁሉም እንደዚያው ነው። የጎደሉት ገጾች ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም የሚያስተምሩት ነበሩ።

በእረፍት ሰዓት ለአስተባባሪው አሳየሁት።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው እንዲሁ ነው» አለኝ። «ሲባዛ ዘሎ ይሆናል። እስኪታረም አንቺ በቃል ንገሪያቸው።»

በቃል ነገርኳቸው። የመለማመጃ አሻንጉሊት ስላልነበረ ነጠላዬን ጠቅልዬ «ይሄ ማህፀን ነው» አልኩ። ሳቁ። ደሙ እምቢ ሲል አንዱን እጅ ከውስጥ፣ ሌላውን ከሆድ በላይ አድርጎ ማህፀኑን በሁለቱ መካከል ጨምቆ መያዝ እንደሚያስፈልግ በነጠላዬ ላይ አሳየኋቸው። ነጠላ ደም የለውም፤ አይሞቅም፤ አያንሸራትትም። ይህንን ያኔም አውቀው ነበር።

ሲወጡ አንዲት ልጅ ወደኋላ ቀረች። የሞጣ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ባሏም ነጋዴ ነው። እሷ ግን ሱቅ መቀመጡን ትታ ከሞጣ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ ቀበሌ ጤና ኬላ ትሠራለች። ሻሿን አጥብቃ ታስራለች፣ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«ሲስተር፣ የጎደሉት ገጾች እርስዎ ጋ ይኖራሉ?»

«እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ አለ። ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ከበድ ይላል።»

«ግድ የለም፤ መዝገበ ቃላት አለኝ።»

በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉን ይዤላት ሄድኩ። በሚቀጥለው ከአባቷ ሱቅ በተቆረጠ አቡጀዲ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ምዕራፉን በሙሉ በካሬ ደብተር ላይ በእጇ ገልብጣዋለች፤ ሥዕሎቹ እንኳ አልቀሯትም። ጎን ለጎን ደግሞ ያልገባትን በቀይ ጽፋለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ይዛ የምትመጣ እሷ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው አሳይመንት ሲደርሰኝ ቢቸና ቤቴ ቁጭ ብዬ ማረም ጀመርኩ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ያነበብኩትን ደግሜ የማነብ መሰለኝ። የሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ብቻ ይለያያል። «እንግዴ ልጅ» ማለት የነበረበት ቦታ ሁሉ «እንግዳ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። እንግዳው ልጅ ካልወጣ ደም ይፈሳል፣ እንግዳው ልጅ ሙሉ መሆኑ ይረጋገጥ፣ እያለ ይቀጥላል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው እየተከተለው ከሠላሳ በላይ ወረቀት ላይ እንግዳ ልጅ ተወለደ። የተለየው የነጋዴዎቹ ልጅ ወረቀት ነበር። ጉድለት ነበረበት፤ ግን የራሷ ነው።

ለካ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት የተሠራ አሳይመንት ይሸጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ተናገርኳቸው። ቁጣዬ ሲበርድ ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ተነሣች።

«ሲስተር፣ ቀን በየቤቱ ስንዞር እንውላለን። ቤት ስንገባ ልጅ አለ፣ ባል አለ፣ መብራት የለም። እርስዎ በእኛ ቦታ ቢሆኑ መቼ ይሠሩት ነበር?»

ያም ሆኖ እንዳይገዙ ነገርኳቸው፤ የነጋዴዎቹን ልጅ ወረቀትም ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «እንደዚህ ነው የሚሠራው» አልኩ። ጓደኞቿ ዞረው አዩዋት፤ እሷ አቀረቀረች። ያን ማድረግ አልነበረብኝም። ከዚያ በኋላ አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና መጣ። ምርጫ ነው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመልስ ቁልፍ ይላክልኛል፣ እኔ በቁልፉ መሠረት አርማለሁ። ቁልፉ ውስጥ አራት መልሶች ስሕተት ነበሩ። ለምሳሌ ደም ለሚፈሳት እናት በመጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ተብሎ የተመለከተው የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የሚገርመው ከአንዷ በቀር ተማሪዎቹ በሙሉ ያንን ስሕተት መርጠዋል። ቁልፉ ከእኔ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደርሶ ኖሯል። ትክክለኛውን የመለሰችው የነጋዴዎቹ ልጅ በሁለት ጥያቄ ወደቀች።

ለአስተባባሪው ደወልኩ። «ቁልፉ ስሕተት ነው። ይቺ ልጅ አልፋለች።»

«አውቃለሁ፣ ይገባኛል» አለኝ። «ግን ከቁልፉ ውጪ ነጥብ መስጠት አልችልም። ደብዳቤ ጻፊ፤ እልከዋለሁ።»

ጻፍኩ፤ አራቱንም ጥያቄ ከነማብራሪያቸው ዘረዘርኩ። መልስ አልመጣም። ደግሜ ጻፍኩ። እሱም የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ልጅቱ ኮርሱን እንድትደግም ተወሰነ። ስነግራት አላለቀሰችም። «ስለዚህ ስሕተቱን ላጥና?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የምሯን ነው የጠየቀችኝ፤ ልትዘልፈኝ አልነበረም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትፈተን አለፈች። ምን ብላ እንደመለሰች ወረቀቷን ሳርም አይቻለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ጥራት የሚያረጋግጥ ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚመጣ ተነገረን። ከልቤ ተስፋ አደረግሁ። ገጾቹን፣ ቁልፉን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን፣ የሌለውን አሻንጉሊት ሁሉ በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቅዳሜ ሞጣ ስደርስ ግን ክፍሉን አላወቅሁትም። ጥግ ላይ የማዋለጃ አልጋ ቆሟል፣ አልጋው ላይ አሻንጉሊት ተኝቷል፣ መደርደሪያ ላይ መጻሕፍት ተደርድረዋል። አስተባባሪው ከየትም ከየትም ተውሶ ነው ያመጣው። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የጊዜ ሰሌዳ ላይ አይቻቸው የማላውቃቸው የአስተማሪዎች ስሞች ነበሩ።

ባለሙያው ትሑት ሰው ነበር፤ የመንገድ ድካም ይታይበታል። ቅጹን ይዞ በዝግታ ይጠይቃል፣ ምልክት ያደርጋል። እኔ ጋ ሲደርስ አስተባባሪው ከኋላው ቆሟል፤ ተማሪዎቹ ፊታችን ተቀምጠዋል።

«የተሟላ ሞጁል በወቅቱ ይደርሳችኋል?»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። እጄን ወደ ቦርሳው ሰደድሁ። ከዚያ ሴቶቹን አየሁ። ማዕከሉ ቢዘጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃ ረግጠው የተመላለሱት ከንቱ ሊቀር ነው። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ምናልባት የፈራሁትም ወዳጄን ማሳፈር ብቻ ነው።

«ይደርሰናል» አልኩ።

ምልክት አደረገ። የነጋዴዎቹ ልጅ ፊት ለፊቴ ነበረች። ካሬ ደብተሯን ዘጋችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ማለት እንኳ አቅቶኝ ተናገርኩ። ባለሙያው ምሳውን በልቶ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ማዕከሉ ጥሩ ውጤት አገኘ።

ሦስተኛው ዓመት የተግባር ልምምድ ነበር። እያንዳንዷ ተማሪ በባለሙያ ፊት ሃያ እናት ማዋለድና ለእያንዳንዷ እናት በልምምድ መዝገቧ ላይ ማስፈረም አለባት። የነጋዴዎቹ ልጅ ወደ እኔ ክፍል ተመደበች። ቢቸና ያሉ ዘመዶቿ ቤት አርፋ ትመጣ ነበር። ነገር ግን የክፍላችን ነገር ሌላ ነው፤ ከየትምህርት ተቋሙ የተላኩ ተለማማጆች በአንድ አልጋ ዙሪያ አምስትም ስድስትም ሆነው ይቆማሉ። እሷ የርቀት ተማሪ ስለሆነች ሁልጊዜ ከኋላ ናት። ጎትቼ ወደፊት ሳመጣት ሌሎቹ ያጉረመርማሉ። እንዲህ እየተባለ ስድስት እናቶች አዋለደች። ስድስቱም በሰላም ወለዱ። ደም ሲበዛባት ያየቻት እናት አልነበረችም።

ከዚያ በግጭቱ መንገድ ተዘጋ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ እዚህ አገር ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ቀን የተዘጋ ሲመስለን ሳምንት፣ ሳምንት ስንል ወር ሆነ። ስልክም የለም። እሷ ለቤተሰቧ ስትል ቀድማ ወደ ሞጣ ተመልሳ ስለነበር እዚያው ቀረች። መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ፊቷ ገርጥቶ፣ መዝገቧን በፌስታል ጠቅልላ ማዋለጃው በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ሲስተር፣ ኮሌጁ እስከ ዓርብ አስረክቡ ብሏል። ያላስረከበ ዓመቱን ይደግማል።»

«ስንት ይቀርሻል?»

«አሥራ አራት።»

«እስከ ዓርብ አሥራ አራት እናት ከየት ይመጣል?»

ፌስታሉን ፈታች። ከዚያ መዝገቡን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አሥራ አራቱ መስመሮች በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተሞልተዋል። የእናቶች ዕድሜ፣ የሕፃናት ክብደት፣ ሰዓት፣ ሁሉም አለ። ባዶ የቀረው የፊርማው ቦታ ብቻ ነበር።

«አንቺም?» አልኳት።

«ሌሎቹ ሁሉም አስፈርመዋል፤ አንድም ሳያዋልዱ ያስፈረሙ አሉ» አለች በዚያው ዝቅ ባለ ድምጿ። «እኔ አንድ ኮርስ ደግሜያለሁ። ሁለተኛ አልደግምም፤ ባሌም አይፈቅድልኝም። ያን ጊዜ ለእንግዳው ሰውዬ ሞጁሉ ይደርሰናል ብለውታል። ለእኛ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም። ይህንንም ለእኔ ብለው ያድርጉልኝ።»

ብዙ ነገር ልመልስላት እችል ነበር። በራሴ ወጪ ትቀመጥ፣ ሌሊት ተረኛ አድርጌ ላስገባት፣ ለኮሌጁ ደግሜ ልጻፍላት፣ ሁሉም በሐሳቤ መጣ። ግን ለማን ነው የምጽፈው? ያልኩትስ የትኛው ተሰምቶ ያውቃል? አንደኛዋን ስፈርም የእናቲቱን ዕድሜና የሕፃኑን ክብደት ደግሜ አነበብኩ። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ እንደማንኛውም ወረቀት ሆነ። አሥራ አራተኛዋን ጨርሼ ማኅተም አደረግኩበት። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል እጄን ሰበሰብኩ።

ተመረቀች። ከጥቂት ወራት በኋላ ባሏ ቢቸና ሱቅ ስለከፈተ እሷም ከከተማው ብዙ ወደማይርቅ ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት ተዛወረች። አንዳንድ ቀን ገበያ ላይ እንገናኛለን። «አልሐምዱሊላህ፣ እየለመድኩ ነው» ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። በውስጤ፣ ከሁሉ ጎበዟ እሷ ናት፣ ማንም ከሚሆን እሷ ትሁን፣ እል ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ አምቡላንስ ግቢያችን ገባ። በሩ ሲከፈት ያየሁት እሷን ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአንዲት ሴት እጅ ይዛለች። ሴትዮዋ ማለዳ ጤና ጣቢያው ውስጥ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች፤ ከዚያ በኋላ ደሙ አልቆም ብሏል። ከሥሯ ያለው ፎጣ፣ ጋቢ፣ የባሏ ኮት ሁሉ ርሷል። ሪፈር ወረቀቱ እንከን የለውም። መርፌውን በሰዓቱ ሰጥታለች፣ ግሉኮስ አስገብታለች፣ ሽንት በቱቦ አውጥታለች፣ የደም ግፊቷን በየአሥራ አምስት ደቂቃው መዝግባለች። ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ ይሄዳል።

እጄን አስገብቼ ማህፀኗን ጨምቄ ያዝኩ። ሐኪሙ መጣ፣ ደም ተፈለገ፣ ሁላችንም የምንችለውን አደረግን። ዘግይቶ ነበር። ከቀትር በፊት አረፈች።

እጄን ታጥቤ ስወጣ ልጅቱ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«በእጅሽ አልያዝሽውም?» አልኳት። ልወቅሳት አልነበረም። ማወቅ ነበረብኝ።

«ሞከርኩ፣ ሲስተር» አለች። «እጄን ስሰድ ሁሉም ሙቅ ደም ነው፤ የቱ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም። ጮኸች። ያበላሸሁ መሰለኝና አወጣሁት።» ጓንት ያጠለቀ እጇን እያየች «አነበዋለሁ እኮ። ገጹን በቃሌ እልልዎታለሁ። እጄ ነው የማያውቀው» አለች።

ያንን የሚያውቅ እጅ እንዳላት በአሥራ አራት ቦታ የመሰከርኩት እኔ ነበርኩ። ላቅፋት ፈልጌ ነበር፤ አላቀፍኳትም። እንዴት ብዬ አቅፋታለሁ?

በእናት ሞት ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ። እናቲቱ የሞተችው ቤተሰብ ዘግይቶ ነው፣ መንገድ ዘግይቶ ነው፣ ወይስ ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ ዘግይተን፣ ብሎ ይጠይቃል። ቅጹን ለመሙላት በተሰበሰብንበት ሁሉም እኔን ጠበቁ። አምቡላንሱ በጭቃ መያዙ እውነት ስለነበር የመንገድ መዘግየት የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። የተቃወመ አልነበረም። ያን ቀን ወጥቼ ለአስተባባሪው ደወልኩና ከእንግዲህ እንደማልመጣ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በእኔ ቦታ ሌላ ነርስ ተቀጠረች፤ ተማሪው ስለበዛ ሁለተኛ ክፍል ተከራይተዋል ሲሉ ሰማሁ።

ልጅቱ ከማዋለጃ እንድትነሣ ራሷ አመለከተች። ካርድ ክፍል መደቧት። እዚያም አልቆየችም፤ ሥራውን ለቅቃ ከባሏ ጋር ሱቅ ተቀመጠች። በሱቁ በኩል ሳልፍ ሰላም እንባባላለን። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። እኔ ግን አሁንም ማዋለጃው ውስጥ ነኝ። አዳዲስ ተመራቂዎች ሲመጡ መዝገባቸውን እገልጣለሁ። ፊርማው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ማን እንደፈረመ አያለሁና እዘጋዋለሁ። ምን ልላቸው? ከአልጋው አጠገብ አቆማቸዋለሁ፣ የቻልኩትን አሳያቸዋለሁ፣ እነሱም በማግስቱ ወደየተመደቡበት ይሄዳሉ።

ከእናቲቱ ሞት ከወር በላይ ካለፈ በኋላ ባሏ መጥቶ ነበር። ለቀበሌ የሚሰጥ የሞት ማስረጃ ፈልጎ ነው። ኮቱ ታጥቧል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ደም ግን አልለቀቀም። ከመዝገብ ክፍል ሰዎች ጋር ሆኜ ወረቀቱን አስጨረስኩለት። ሕፃኑን ጠየቅሁት።

«አለ። እኅቴ ታጠባዋለች፤ እሷም አራስ ናት» አለኝ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እናንተማ ደክማችኋል። እግዜር ይስጥልን። መንገዱ ነው የጎዳን።»

«ያጽናዎት» አልኩት።

ሊሄድ ተነሣና ቆም አለ።

«ያች ሻሽ ያሰረችውን አዋላጅ ጤና ጣቢያው ሄጄ አጣኋት። ከጤና ጣቢያው በር እስከዚህ ድረስ የባለቤቴን እጅ አልለቀቀችም። ሳላመሰግናት ቀረሁ። እርስዎ ያመስግኑልኝ።»

«እሺ» አልኩት። እስካሁን አልነገርኳትም።